በዝናብ ቀን በግ መግዛት፦ ከአዳማ ገበያ እስከ አጎዛው

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። ልጆች ጨርቃቸውን ጥለው ዝናብ ውስጥ ይቦርቃሉ፤ እናቶች ከሰማይ የወረደውን ውሃ በጣሳ ተቀብለው ለበረከት ብለው ሊጥ ላይ ጠብ ያደርጋሉ። በዚያው ሳምንት የአዳማ የበግ ገበያ ይደራል። አባወራው ግን የልጆቹን ያህል ልብ የለውም። ደመናው ሲጠቁር «ነገ ያባራል» ብሎ ይቀመጣል፤ በማግስቱም እንዲሁ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሲደርስ ከተማው በሙሉ በአንድ ጧት ይወጣና ተመርጦ የተረፈውን በግ በተባለው ዋጋ ጎትቶ ይመለሳል።

እኔ በጌን የምገዛው በዝናብ ነው፤ ሆን ብዬ። ዝናብ ሲጥል ገዢው ይሳሳል፣ ደላላው ላስቲክ ሥር ይገባል፣ ከአርሲ በኩል የመጣው ገበሬ ደግሞ ሳይመሽ ወደ ኢተያ ወይም ወደ ሁሩታ የሚመልሰውን መኪና ያስባል። ዋጋው የሚላላው ያኔ ነው። ችግሩ ዝናብ ዓይንን ማታለሉ ነው። የረጠበ ጸጉር ከገላ ጋር ሲጣበቅ ደህናው በግ ከሲታ ይመስላል፤ ጭቃ የለበሰው ከሲታ ደግሞ ሞላ ብሎ ይታያል። በዝናብ በግ የሚገዛ ሰው ዓይኑን ትቶ እጁን ማመን አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እጅ ነው።

ምክሩ ለእንቁጣጣሽ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታም፣ ለመስቀልም ይሠራል። ዒድ አል አድሐ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚዞር እሱም ክረምት ላይ የሚውልበት ዘመን አለ።

ሰዓቱና የሚያዘው

የአዳማ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያይለው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጧት ሰማዩ ቢጨፈግግም ዶፉ ይዘገያል። ይህን ተጠቀሙበት። ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ገበያው ውስጥ ሁኑ፤ ዙሩ፣ ዳስሱ፣ ሁለት ሦስት በግ በልባችሁ ያዙ፣ ዋጋ ጠይቃችሁ ሳትጨርሱ እለፉ። በነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ኮረብታ ላይ ደመናው ሲደፋ ወደ መረጣችሁት ተመለሱ። ምርጫ በደረቅ፣ ድርድር በዝናብ። ከጧት ጀምሮ ሲያካፋ ከዋለ ግን ሁለቱም በዝናብ ነውና በትዕግሥት ዳስሱ።

ጋቢ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ የራሰ ጋቢ ሙቀት የለውም፣ ክብደቱ ብቻ ነው የሚተርፈው። የመንዝ ሰው ይህን ከጥንት ያውቃል፤ በርኖሱንና ባናውን የሚሠራው ከገዛ በጉ ጸጉር ነው። ሱፍ ቢርስም ሙቀቱ ጨርሶ አይጠፋም፤ ጸጉሩ ላይ ያለው ቅባትም ካፊያውን ያንከባልላል። በርኖስ ከየት ይመጣል ካላችሁ ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ የዝናብ ልብስ ይበቃል። ለእግር ቦት ጫማ፣ ከሌለ ኮንጎ። በሸራ ጫማ ገብቶ አንዱን እግር ጭቃው ያስቀረበት ጎረቤት አለኝ፤ በጉን እየጎተተ በአንድ ጫማ ነው ቤቱ የገባው።

ዣንጥላውን ቤት ተዉት። በድንገት የተከፈተ ዣንጥላ መንጋ ይበትናል፣ የበተነው ሰው ደግሞ በሁለት ቋንቋ ይሰደባል። ሁለቱም እጆቻችሁ ያስፈልጓችኋል ደግሞ።

ወፈር ያለ ሁለት ሜትር ገመድ ያዙ፤ ሲባጎ አንገት ይቆርጣል። ሁለት ደረቅ ጆንያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ በኋላ ጥቅማቸውን ታያላችሁ። ብሩን በላስቲክ አድርጋችሁ ሁለት ኪስ ላይ ክፈሉት። አንድ ሰውም ይዛችሁ ሂዱ፤ እናንተ ስትዳስሱ በጉን የሚይዝ።

መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ እዩ

በጎች ዝናብ ሲመታቸው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። ይህ የጤና ነው። የሚያሳስበው ከመንጋው ተነጥሎ የቆመው ነው፤ ጆሮው የወደቀ፣ ሌሎቹ ውሃውን ሲያራግፉ እሱ ዝም ብሎ የሚያንጠባጥብ። ዋጋውንም አትጠይቁ። ቆሞ የሚያመሰኳ በግ ካያችሁ ግን ልብ በሉት፤ የታመመ በግ ማመስኳት ይተዋል።

አዳማ የሁለት ዓለም መገናኛ ናት። ከአርሲ ደጋ፣ ከጭላሎ ግርጌ የሚወርደው በግ ብርድ የለመደ ነው፤ ጸጉሩ ወፈር ያለ፣ ከሥሩ ሱፍ ያለው፣ ላቱ ረዘም ያለ። ከአዋሽ ቆላ፣ ከመተሐራ ወዲያ የሚመጣው ደግሞ ጸጉሩ አጭርና ለጥ ያለ ነው። ሰውነቱ ነጭ ሆኖ ራሱ የጠቆረው የሱማሌ በግም ከዚሁ ወገን ነው፤ ስቡን የሚያከማቸው ዳሌው ላይ ነው። ሥጋ ወደ ውጭ የሚልኩት የቆላውን ይመርጣሉ፣ የደጋው ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ብለው። ለቤት ድስት ይህ ግድ አይሰጥም። በዝናብ ቀን ግን ልዩነቱን አስቡት። የቆላው በግ ቢንቀጠቀጥ ብርድ ሊሆን ይችላል፤ ቤታችሁ ደረቅ መጠለያ ከሌለ አትውሰዱት እንጂ በሽታ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። የአርሲው በግ ለአዳማ ዝናብ ከተንቀጠቀጠ ግን ጠርጥሩ።

እጃችሁን አስገቡ

ባለቤቱን አስፈቅዱ። ጓደኛችሁ አንድ እጁን ከአገጩ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌው ኋላ አድርጎ ይያዘው። ጸጉሩን ጨምድዶ መያዝ ነውር ነው፤ በጉን ያመዋል፣ ሥጋው ላይም ደም ይቋጥራል።

ከጀርባ ጀምሩ። ከመጨረሻው ጎድን ኋላ፣ አከርካሪው ላይ መዳፋችሁን አሳርፉ፤ ጣቶቻችሁ የረጠበውን ጸጉር ዘልቀው አጥንቱን ይፈልጉ። መለኪያው እጃችሁ ላይ ነው። እጃችሁን ጨብጡና አንጓዎቹን በሌላው እጅ ዳስሱ፤ አከርካሪው እንደዚያ ከቆረቆራችሁ ከሲታ ነው። አሁን እጃችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ዳስሱ፤ አጥንት እንዳለ ያስታውቃል፣ ግን አይወጋም። ደህና በግ ይህ ነው። ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ሥጋ ዳስሱ፤ የበጉ ጀርባ እንደዚያ ሆኖ አጥንቱን ፈልጋችሁ ካጣችሁት የሰባ ሙክት ነው ያገኛችሁት፣ ኪሳችሁን አዘጋጁ። ይህን ጎን ለጎን ቆመው በሚታዩ ሦስት በጎች ላይ ሞክሩት፤ ዓይናችሁ ከመረጠው የተለየ በግ እጃችሁ ሲመርጥ ትገረማላችሁ።

ቀጥሎ ላት። ውሃ ስለሚያንጠባጥብ ከላይ ይቀዘቅዛል፤ ጫን ስትሉት ግን ጠንከር ብሎ መሙላት አለበት። ቆዳው ባዶ ከረጢት ሆኖ ከታጠፈ በጉ ከስቶ የመጣ ነው፤ ምናልባት መንገድ ላይ፣ ምናልባት በሽታ። ከላቱ ሥርም እዩ። ጭቃ የሚይዘው እግርና ሆድ ነው። ከላቱ ሥርና ከኋላ እግሮቹ ውስጠኛ በኩል የተጋገረው አረንጓዴ ነገር ጭቃ አይደለም፣ ተቅማጥ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ አሽትቱ፤ አፍንጫ አይዋሽም።

ሆድ የሚፈተሸው በግራ በኩል ነው። ጨው አልሶ ውሃ አጠጥቶ ሆዱን የሚሞላ ነጋዴ አለ፤ በዝናብ ቀን ደግሞ የጎኑ መነፋት ከተጣበቀው ጸጉር በታች ጎልቶ ይታይና «አቤት ጥጋብ» ያሰኛል። ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌው መካከል ባለው ጉድጓድ ላይ ጡጫችሁን ጫን አድርጋችሁ ጠብቁ። ጤነኛ በግ በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ከውስጥ ቀስ ብሎ ይገፋችኋል። እንደ ውሃ ኮዳ የሚንቦጫረቅ ከሆነ የምትገዙት ውሃ ነው። እንደ ከበሮ የተወጠረ ከሆነ ተነፍቷል፣ እለፉት።

የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ አድርጉ። ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ ጥሩ። እንደ ወረቀት ከነጣ ደም የሚመጥ የሆድ ትል አለበት፤ ክረምት ሣሩ ሲረጥብ ይህ ይበዛል።

አገጩን ስትደርሱ የእኔን ታሪክ አስታውሱ። አንድ ዓመት በዶፍ ዝናብ አንድ ነጭ በግ ገዛሁ። አገጩ ሥር የሚንጠለጠል ነገር ነበረው፤ እኔ የስብ ብዛት መስሎኝ ለባለቤቴ ሁሉ አሳየኋት፣ «እይ እስቲ፣ እንደ ሀብታም ነጋዴ አገጩ ሁለት ነው» አልኳት። በበዓሉ ቀን ጉበቱ ሲወጣ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ በሆኑ ትሎች ተሞልቶ ነበር። የዓመቱ ዱለት ቀረ። ያ እብጠት ውሃ ነበር፤ የጉበት ትልና የሆድ ትል የበረታበት በግ አገጩ ሥር ውሃ ይቋጥራል። የጉበት ትሉ የሚያድገው ረግረግ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ ረግረግ ሜዳ የሚግጥ በግ ላይ ይበዛል። በጣት ጫን አድርጉት፤ እንደ ሊጥ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ያንን በግ ለሌላ ሞኝ ተዉለት።

በዝናብ የሁሉም በግ አፍንጫ እርጥብ ነው። ቀጭን ውሃ አያስጨንቅም፤ ወፍራም ቢጫ ንፍጥ ግን የሳንባ ነው። ዐሥር እርምጃ ፈጠን አድርጋችሁ አስኪዱትና ጆሮ ስጡ፤ ሳል የያዘው ሲሮጥ ይስላል። በዚያው እግሩን እዩ። የሚያነክስ ከሆነ አንሡና በሁለቱ ጥፍሮች መካከል ያለውን ጭቃ ጥረጉ፤ ውስጡ ከቆሰለና ከከረፋ እርጥብ መሬት ያመጣው የጥፍር ብስባሽ ነው። ሥጋውን አያበላሽም፣ ግን የሚያነክስ በግ አይበላምና ይከሳል፤ ዋጋው ላይ ተከራከሩበት።

ጥርስ የመጨረሻው ነው። በግ ላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌለው «ጥርሱ ረግፏል» ብላችሁ እንዳትጮኹ፤ ያየሁት ነው። ታችኛው ላይ ስምንቱም ትንንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ገና ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። መሃል ላይ ሁለት ትልልቅ ከወጡ ዓመት አልፎታል፣ አራት ከሆኑ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስምንቱም ትልልቅ ከሆኑ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ። ለጥብስ ሁለት ወይም አራት ትልልቅ ጥርስ ያለው ይጣፍጣል። ለቅቅል ያረጀውም ደህና ነው።

ለዒድ ኡድሒያ (ለመሥዋዕቱ እርድ) የምትገዙ ዕድሜውን አጥብቃችሁ እዩ። አንድ ዓመት የሞላው ይፈለጋል፤ ስድስት ወር አልፎት በአካሉ ዓመት የሞላው የሚመስለውም ይፈቀዳል። ዓይኑ የታወረ፣ በግልጽ የሚያነክስ፣ በሽታው የሚታወቅ፣ ከሲታነቱ የአጥንቱን መቅኔ ያሟጠጠው አይሆንም። በዝናብና በጭቃ ከሁሉ ቀድሞ የሚደበቀው ማነከሱ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ አስኪዱት።

ስንት ሥጋ እንደሚወጣው ለሚጠይቁ፦ 30 ኪሎ የሚመዝን በግ ቆዳው፣ ራሱና ሆድ ዕቃው ወጥቶ 12 ወይም 13 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚነግራችሁ ሻጭ ነው።

ጸጉሩን ዝናቡ ይፈትንላችሁ

አጎዛ የሚፈልግ ሰው በደረቅ ቀን ከሚገዛው ይልቅ በዝናብ የሚገዛው ይበልጣል እላለሁ። ትከሻው ላይ ጸጉሩን በሁለት አውራ ጣት ሰንጥቃችሁ እስከ ቆዳው ግለጡት። ሲዘንብበት ውሎ ሥሩ ደረቅ ከሆነ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ቅባትም ውሃውን ያስቆመው ነው። እስከ ቆዳው ከራሰ ሳሳ ያለ ነው፤ ጥሩ ሥጋ ይኖረዋል፣ ጥሩ አጎዛ ግን አይወጣውም። ቀጥሎ ትንሽ ጸጉር ቆንጥራችሁ ሳብ አድርጉ። በቀላሉ ተነቅሎ ከመጣ በጉ ታሟል ወይም ቆዳው ተጎድቷል። ጆሮውና ብብቱ ሥር መዥገር ፈልጉ። ቅማልና በግ ላይ የሚኖረው ደም መጣጭ ተባይ በቆዳ ፋብሪካ ሰዎች ዘንድ «እከክ» የሚባለውን ጉድፍ ያመጣሉ፤ ሲገዙት አይታይም፣ ጸጉሩ ከተላጨ በኋላ ነው ቆዳው ላይ ነጥብ ነጥብ ብሎ የሚወጣው።

ድርድር

በኦሮምኛ «ኦቦ፣ ሜቃ?» (ጌታው፣ ስንት ነው?) ብላችሁ መጠየቅ ከቻላችሁ ፊቱ ይፈታል። መልሱ ሲመጣ ቁጥሩ ካልገባችሁ ግን አትመጻደቁ፤ በአማርኛ ቀጥሉ። እኔ አንዴ «ኤዬ፣ ኤዬ» (አዎ፣ አዎ) እያልኩ ራሴን ነቅንቄ ባልሰማሁት ዋጋ ልስማማ ምንም አልቀረኝም።

ጆንያው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በጉን ላስቲክ ሥር ወይም ጣራ ሥር አስገቡትና ጀርባውንና ጎኑን በደረቁ ጆንያ ጠራርጉት። ጭቃው ሲነሣ የምታዩት በግ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ከጎኑ ቁስል፣ ከዳሌው የወደቀ ጸጉር ይገለጣል። ደህና በግ ያለው ሰው አይከለክላችሁም፣ እንዲያውም ያግዛችኋል። በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ሳይጠረግ ወደ ሚዛን አይውጣ፤ ውሃና ጭቃ ኪሎ ነው።

ዝናቡን ለድርድር ተጠቀሙ፣ ግን ሰውየው ላይ አትጨክኑ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የዋለ ሽማግሌ የመጨረሻውን ዋጋ ነግሯችሁ ከተስማማችሁ በኋላ ብር ስትቆጥሩ እንደገና መቶ ብር ማስቀነስ ንግድ አይደለም። ሻይ ጋብዙት፤ የሚቀጥለው ዓመት በጋችሁን ከእሱ ነው የምትገዙት። ባለ በግ ደንበኛ ከያዛችሁ የዚህን መመሪያ ግማሽ ትገላገላላችሁ።

ብሩን ጣራ ሥር ቁጠሩ። ኮቴ (የከብት ገበያ ክፍያ) የሚከፈልበት ገበያ ከሆነ ደረሰኙን ተቀበሉ፤ መንገድ ላይ የማን በግ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከተስማማችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ገመዱ በእናንተ እጅ ይሁን። በግርግር ውስጥ የረጠበ ቡናማ በግ ሌላውን የረጠበ ቡናማ በግ ይመስላል።

ወደ ቤት

በዝናብ በግ ሚኒባስ ጣራ ላይ አትጫኑ። እርጥበቱ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ሳንባው ይያዛል፤ ጧት የገዛችሁት ጤነኛ በማግስቱ ሲያስል ይነጋል። ባጃጅ ከሆነ አንዱን ጆንያ አንጥፉና እግራችሁ ሥር አስተኙት፤ ሾፌሩ ስለ ሽታው ቢያጉረመርም ትንሽ ጨምሩለት። ጋሪም ደህና ነው፣ ላስቲክ ጣል ካደረጋችሁበት። ካሰራችሁት ሦስት እግሩን አንድ ላይ እሰሩና በጎኑ አስተኙት። በጀርባው ተንጋልሎ አይቆይ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና ሳንባውን ይጫነዋል፣ በጉ ታፍኖ ሊሞት ይችላል።

በእግር የምትሄዱ ጎርፉን ፍሩ። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ሳህን ናት። እናንተ የቆማችሁበት ሳይዘንብ ኮረብታው ላይ የጣለው በቦዩ ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ቦይ አጠገብ አትጠለሉ፣ የሚፈስ ውሃም በግ እየጎተታችሁ አትሻገሩ። በግ ውሃ ላይ እግሩን ማሳረፍ አይወድምና መሃል ላይ ይቆማል፣ እናንተም ከእሱ ጋር። የግድ ከሆነ ከፊት አትጎትቱ፣ ከኋላ ግፉት፤ ወይም ትከሻ ላይ ያዙት። ከሁሉ የሚሻለው ቆሞ መጠበቅ ነው፤ የአዳማ ጎርፍ እንደ አመጣጡ ቶሎ ይጎድላል።

እስከ በዓሉ ቀን

ቤት እንደገባችሁ በሁለተኛው ጆንያ እስኪደርቅ ፈትጉት። ንጹሕ ይሁን ብለው የሚያጥቡት አሉ፤ ለብርድ ለተጋለጠ በግ ይህ ቅጣት ነው። ነፋስ የማይገባበት፣ ከላይ ጣራ ያለው ጥግ ላይ ገለባ በዛ አድርጋችሁ ጎዝጉዙ። ገለባው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያሞቀዋል፣ ጭቃውንም ያደርቃል። የደረቀ ጭቃ በጣት ይፈረፈራል፣ ለአጎዛውም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ስጡት። የተራበ በግ እርጥብ ለምለም ሣር እንዳገኘ ሲጎርስ ሊነፋ ይችላል። ፉርሽካ በጥቂቱ፣ ፋጉሎም እንዲሁ። ልጆች ያዘኑለት መስሏቸው እህልና ሊጥ እንዳይሰጡት ንገሯቸው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል የበላ በግ ሆዱ ውስጥ ይመረዛል። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ከፊቱ ይኑር።

ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ። ሲሮጥ፣ ሲንቀጠቀጥና ሲደነግጥ የዋለ በግ ወዲያው ከታረደ ጡንቻው ውስጥ የነበረው ጉልበት ስላለቀ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። «በጉ አልጣፈጠም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በጉ ሳያርፍ ስለታረደ ነው። ከመታረዱ 12 ሰዓት በፊት መኖውን አቁሙ፣ ውሃውን ግን አትከልክሉት።

አጎዛው

በበዓል ማግስት የአዳማን ቦዮች ተመልከቱ፤ ቆዳ በቆዳ ናቸው። ሰብሳቢው የሚሰጠው ዋጋ ከድካሙ ስለማይገናኝ ሰው ይጥለዋል። ቦዩን የሚደፍነው ይኸው ነው፣ ጎርፉም ቤት የሚገባው በዚያው በኩል ነው። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ፣ በተለይ ጸጉሩ አጭር የሆነው፣ ለጓንት ተፈላጊ ነው፤ ቆዳ ፋብሪካዎቹም ሞጆ ድረስ ቅርብ ናቸው። የሚረከባችሁ ካገኛችሁ በዚያው ቀን አስረክቡ። ጸጉራሙን ግን አትሽጡት፣ አጎዛ አድርጉት።

አራጁ ሲገፍ ቢላዋውን መክፈቻው ላይ ብቻ ይጠቀም፤ ከዚያ በጡጫ እየገፋ ያላቅቀው። የቢላዋ ጭረት ሲደርቅ ቀዳዳ ይሆናል። የቀረውን ሥጋና ስብ ፋቁ። በሦስት በአራት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልነካው መበስበስ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ምልክትም ጸጉሩ መላቀቁ ነው። ጸጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርጉት፤ ውሃው ይንጠፍጠፍ። ከአንድ ኪሎ የማያንስ ጨው እርጥቡ በኩል በእጅ አሹበት፣ ጠርዙንና የእግሩን ጫፍ ሳትረሱ። ሁለት ቀን ይቆይ፤ የራሰውን ጨው አራግፋችሁ እንደገና ትንሽ ጨምሩ።

ማድረቁ ነው በክረምት የሚያስቸግረው። ብዙ ሰው ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ብልጭ ስትል ቆርቆሮ ጣራ ላይ ይወረውረዋል። ቆርቆሮው ቆዳውን ያበስለዋል፣ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ከደገመው ደግሞ ጨውም ድካምም ታጥቦ ይሄዳል። በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሁለቱም በኩል በሚያልፍበት ቦታ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በሲባጎ ወጥሩት። አየሩ ሲረጥብ ጨው ውሃ ይስባልና ቆዳው ሲያልብ ብታዩ አትደንግጡ፤ ጠረግ አድርጋችሁ ተዉት። ለእንቁጣጣሽ የተወጠረ ቆዳ እስከ መስቀል ሊቆይ ይችላል።

ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ገና ሲታጠፍ እሺ በሚልበት ጊዜ ጨውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠርጉለት። እናቴ ያኔ ነበር አሬራ የምትቀባው፤ ማታ ትቀባና ጧት በወንበር መደገፊያ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ትጎትተዋለች፣ አሬራው እየገባ ቆዳው እየነጣና እየለሰለሰ እስኪመጣ። ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፣ ክንድም ያማል። የሰነፈ ሰው አጎዛ እንደ ጣውላ ይንኳኳል። በመጨረሻ ጸጉሩን ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር አበጥሩት፤ ከሥር ከጀመራችሁ ይነጫል።

ሽታው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይለቅም። ደረቅ ቀን በተገኘ ቁጥር ጥላ ላይ አናፍሱት፣ ላስቲክ ውስጥ ግን አታስቀምጡት።